የኩቢ ፎራ አጥንት ለማን ይመሰክራል?

የድንበር ከተማችን ሞያሌ ያለችበት የኬንያው ማርሳቢት ካውንቲ የሲቢሎይ ብሔራዊ ፓርክም ካውንቲ ነው። ከፓርኩ ውስጥ፣ ከቱርካና ሐይቅ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ ኩቢ ፎራ ከሚባለው ስፍራ የሚወጣው ቅሪተ አካል ዓለምን ማነጋገር ከጀመረ ሃምሳ ዓመት አልፎታል። እዚህ የሚሟገቱት ሁለት የከተማችን ነዋሪዎች ናቸው፤ አንዱ በንግድ ያረጁ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ፣ ሌላው የሁለተኛ ደረጃ የባዮሎጂ መምህር። ዓመቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

ሽማግሌው

መምህር፣ በፎርም ፎር ስለ ኢቮሉሽን የምታስተምረውን ከልጅ ልጄ ደብተር አየሁት። ዝንጀሮው ቀስ በቀስ እየተቃና ሰው የሚሆንበትን ያን ሥዕል ሳይቀር ገልብጣዋለች። ጸብ ፍለጋ አይደለም የመጣሁት፤ ግን ዝም ብዬም አላልፈውም።

በ1972 ከቅሪተ አካል ተመራማሪው ሪቻርድ ሊኪ ቡድን በርናርድ ንጌኔዮ የተባለው ሰው ኩቢ ፎራ ላይ የተሰባበረ የራስ ቅል አገኘ፤ ቁጥር 1470 ይሉታል። ዕድሜው ከ2.6 ሚሊዮን ዓመት በላይ ነው ተብሎ ለዓለም ተነገረ። ጥቂት ዓመታት ቆይቶ ወደ 1.9 ሚሊዮን ወረደ። ሰባት መቶ ሺህ ዓመት እንደ ዋዛ! እኔ ነጋዴ ነኝ፤ ሂሳቡ በዚህ መጠን ለሚዛባ ደንበኛ ዱቤ አልሰጥም። እንግሊዞቹማ ብሰዋል። በ1912 «ፒልትዳውን ላይ የጥንቱ ሰው ተገኘ» ተብሎ፣ የሰው ራስ ቅልና የኦራንጉታን መንጋጋ አገጣጥሞ የቀበረ አጭበርባሪ እስከ 1953 ድረስ ብዙ ሊቅ አሳምኗል።

አጥንት ሁሉ ውሸት ነው አልልም። በ2006 ጳጳስ ቦኒፌስ አዶዮ «የቱርካና ልጅ» የሚባለው የጥንት አጽም በናይሮቢ ሙዚየም ጎልቶ እንዳይታይ ሲዘምቱ እኔ አልተባበርኩም። አጽም ቢደበቅ ማን ይጠቀማል? ይታይ። የሚያሳስበኝ ከአጥንቱ ተነስተው ስለ ሰው የሚናገሩት ነው።

ዳርዊን በ1871 ስለ ሰው አመጣጥ ባሳተመው መጽሐፍ የሠለጠኑት ዘሮች አረመኔ ያላቸውን ዘሮች ከምድር ላይ እንደሚያጠፉ ተንብዮአል። ዘመዱ ፍራንሲስ ጋልተን ሰውንም መርጦ ማራባት ይቻላል አለና በ1883 ዩጄኒክስ ብሎ ስም አወጣለት። በ1906 ደግሞ ከኮንጎ የተወሰደው ኦታ ቤንጋ ኒው ዮርክ፣ ብሮንክስ መካነ እንስሳት ውስጥ፣ ዝንጀሮዎቹ ከሚኖሩበት ቤት ከኦራንጉታን ጋር ለተመልካች ቀረበ። «ይህ ሰው ነው፣ አውጡት!» ብለው የተነሱት እነማን ናቸው? ጥቁር አሜሪካውያን ቄሶች! ኦታ ቤንጋ ከአሥር ዓመት በኋላ በገዛ እጁ ሞተ።

አልፍሬድ ራስል ዋላስን አትርሳ። በ1858 ሐሳቡ ከዳርዊን ጋር አብሮ የቀረበለት ሰው፣ የሰው አእምሮ ግን በተፈጥሮ ምርጫ ብቻ ተገኘ ማለት አልሆነለትም። ርኅራኄውንም ተመልከት፤ እዚህ ቦረና ዘንድ በድርቅ ከብቱ ላለቀበት ሰው ጎሳው ላም እያዋጣ እንደገና ያቆመዋል፤ ቡሳ ጎኖፋ ይሉታል። ጠንካራው ይተርፋል የሚል ትምህርት ለዚህ ምን መልስ አለው?

መምህሩ

ጋሼ፣ ዱቤ የከለከሉትን ሂሳብ ማን እንዳስተካከለው ግን አልነገሩንም። አሳማ ነው። በኢትዮጵያ በኩል ከኦሞ ሸለቆ የተለቀሙ የጥንት አሳማዎች ጥርስ ከኩቢ ፎራዎቹ ጋር ሲነጻጸር፣ ባዝል ኩክ የተባለው ተመራማሪ የኬንያው ዕድሜ ተጋኗል አለ። ለዓመታት ተጨቃጨቁበት። የእሳተ ገሞራው አመድ በሌላ ቤተ ሙከራ ሲለካ ግን አሳማዎቹ ረቱ። እኛ እዚህ ኬላ ላይ ማህተም ስናስመታ እንውላለን፤ አመዱ ከኦሞ እስከ ቱርካና ማንንም ሳያስፈቅድ ተነጥፏል። ፒልትዳውንንም ያጋለጡት ሳይንቲስቶች ናቸው፣ የአጥንቱን ፍሎሪን ለክተው።

ስለ ሥዕሉ እውነትዎን ነው፤ ከደብተሯ ብትሰርዘው ደስ ይለኛል። ሰልፍ አልነበረም። በ2024 የታተመ ጥናት ኩቢ ፎራ ላይ፣ 1.5 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በሆነው የሐይቅ ዳር ጭቃ፣ የሁለት ዓይነት ፍጡራን ዱካ ጎን ለጎን አሳይቶናል፤ አንዱ ሆሞ ኢሬክተስ፣ ሌላው ፓራንትሮፐስ ቦይሲ ሳይሆን አይቀርም ይላሉ። በሰዓታት ወይም በጥቂት ቀናት ልዩነት አንድ ጭቃ ረግጠዋል። የአንደኛው ዘር ጠፋ። ከዛሬው ዝንጀሮ ተወለድን የሚል ትምህርት እኔ አላስተማርኩም፤ የጥንት ዘመድ እንጋራለን ነው የምለው።

ለውጡ ደግሞ አጥንት ላይ ብቻ የሚታይ አይደለም። ጠዋት ቢጫ ጀሪካን ደርድረው የግመል ወተት የሚሸጡትን ሴቶች ያውቋቸዋል። አጥቢ እንስሳ ጡት ከጣለ በኋላ ወተት የሚፈጭበት ላክቴዝ ይቀንስበታል፤ የዓለም አብዛኛው አዋቂም እንደዚያው ነው። አርብቶ አደሩ ግን ጎልምሶም ይጠጣል። በ2007 ሳራ ቲሽኮፍና ባልደረቦቿ በኬንያና በታንዛኒያ ሕዝቦች ላይ ያገኙት የጂን ለውጥ ከአውሮፓውያኑ የተለየ ነው። የተስፋፋውም ባለፉት 7,000 ዓመታት ገደማ፣ ከብት ማርባት ወደዚህ አካባቢ ከመጣ ወዲህ ነው። ወተቱ የተስማማው ሰው በረሃብ ጊዜ ልጅ አሳደገ፤ ልጁም ያንኑ ወረሰ። የተፈጥሮ ምርጫ የሚባለው ይኸው ነው።

ኦታ ቤንጋን ሲያነሱብኝ መከላከያ የለኝም፤ ነውር ነው። ግን የባሪያ ንግድ ዳርዊን እስኪወለድ አልጠበቀም። የካምን እርግማን እየጠቀሱ ባርነትን የባረኩ ሰባኪዎች ነበሩ፤ በእነሱ ኃጢአት መጽሐፍ ቅዱስን እንክሰስ? ዘርን ከዘር ያበላለጠውን መሰላል የሰበረውስ ማን ሆነና? ይኸው ሳይንስ ነው። በ1967 ኦሞ ኪቢሽ የተገኘው የእኛው ዓይነት ሰው በ2022 በታተመው ልኬት ቢያንስ 230 ሺህ ዓመት ገደማ ሆኖታል። ፈረንጁም ቻይናውም ሥሩ አፍሪካ ነው።

ቡሳ ጎኖፋን በተመለከተ ዳርዊን እዚያው በ1871 መጽሐፉ፣ የሚተዛዘኑና የሚረዳዱ አባላት የበዙበት ማኅበር ከሌላው ይበልጣል ብሏል። ኩቢ ፎራ ላይ ደግሞ ቁጥር 1808 የምትባል የሆሞ ኢሬክተስ ሴት አለች፤ በ1973 ካሞያ ኪሜዩ ያገኛት። የእጅና የእግሯ አጥንት ላይ ያልተለመደ ሻካራ ሽፋን ተደርቧል። አለን ዎከርና ባልደረቦቹ በ1982 ቫይታሚን ኤ በዝቶባት፣ ምናልባትም የአውሬ ጉበት በልታ ነው ብለው ጻፉ። በምክንያቱ ላይ ዛሬም ክርክር አለ። ዎከርን የከነከነው ግን ሌላ ነገር ነው፤ ሽፋኑ እዚያ ለመድረስ ሳምንታት ይፈጃል፤ ያን ሁሉ ጊዜ መንቀሳቀስ ያቃታትን ሴት ውኃ ያቀበላት፣ ሌሊት ከአውሬ የጠበቃት አለ ማለት ነው። ከ1.7 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ በእኛው ካውንቲ።

ሽማግሌው

አሳማውን ተቀብያለሁ፤ ዱቤውንም አስብበታለሁ። ወተቱንም ቢሆን፣ እግዚአብሔር በጊዜ ብዛት አይሠራም ያልኩት እኔ አይደለሁም።

1808 ላይ ግን አልለቅህም። ያስታመማት ሰው ነበረ እንበል። ጥሏት የሄደም ነበር ይሆናል፤ ማን ያውቃል፣ ልጅ የወለደው እሱ ይሆናል። ካስታመማትና ጥሏት ከሄደው የትኛው ልክ እንደሠራ አጥንቱ አይነግርህም። ማኅበሩ ስለሚበረታ ነው የምንረዳዳው ካልከኝ፣ የማይበረታበት ቀን ሲመጣ ሽማግሌውን ጫካ እንጥለው? ጋልተን ሂሳቡን እስከዚያ ድረስ ነው የሠራው፤ የኦታ ቤንጋንም ነገር የኮነንከው በባዮሎጂ አይደለም፣ «ነውር ነው» ብለህ ነው። ነውሩን ከየት አመጣኸው? የልጅ ልጄ ሰኞ ክፍል ውስጥ እጇን አውጥታ ትጠይቅሃለች፤ መልሱን ደብተሯ ላይ እንድታሰፍርልኝ ነግሬያታለሁ።