የበሬው ግራ ጎን



በዚህ ሳምንት የማወጋችሁ በዩኒቨርሲቲ ስለሚሰጠው የእንስሳት ፊዚዮሎጂ ትምህርት ነው። ስሙን አይታችሁ ገጹን ለመግለጥ አትቸኩሉ፤ ነገሩ ስለ በሬ ሆድ ነው። የቢቸናና የሞጣ ልጆች የሆናችሁ እንደሆነ ደግሞ ፊደል ሳትቆጥሩ በፊት ከብት ጠብቃችኋልና ከእኔ የምታንሱበት ምክንያት የለም።

ፊዚዮሎጂ የአካል ክፍሎች ሥራቸውን እንዴት እንደሚያከናውኑ የሚመረምር ጥበብ ነው። ልብ የት እንዳለ የሚያሳየው አናቶሚ ነው፤ ልብ እንዴት እንደሚመታና ቢቆም ምን እንደሚሆን የሚነግረው ግን ፊዚዮሎጂ ነው። በ1943 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲከፈት፣ ይህን የመሰለ ትምህርት የሚፈልግ የጎጃም ልጅ አባይን መሻገር ነበረበት። ዛሬ ደብረ ማርቆስም ባሕር ዳርም ዩኒቨርሲቲ አላቸው። ከደጀን ተነሥቶ በቢቸናና በሞጣ አድርጎ ባሕር ዳር በሚገባው መንገድ ላይ በምዝገባ ሰሞን ብትቆሙ፣ በአውቶቡሱ ጣራ ላይ የተጫነው ሻንጣ የማን እንደሆነ ለማወቅ አትቸገሩም።

እኔም በዚያው መንገድ ከሄዱት አንዱ ነበርሁ። በመጀመሪያው ዓመት ፈተና ላይ የበሬን አራት የሆድ ክፍሎች ሩመን፣ ሬቲኩለም፣ ኦማሰም፣ አቦማሰም ብዬ ያለ አንዳች ስሕተት ጻፍሁ፤ ጥሩ ማርክም አገኘሁ። በነሐሴ ለዕረፍት ወደ አገሬ ገባሁ። በቢቸናና በሞጣ መካከል የሚኖሩት አጎቴ ገና ጫማዬን ሳላወልቅ አስጠሩኝ። ቦራ የሚሉት በሬያቸው በዝናብ የራሰ ማገጥ ጠግቦ ተመልሶ፣ ሆዱ እንደ ከበሮ ተወጥሮ፣ ምላሱን አውጥቶ ያቃስታል። አጎቴ የአንድ በሬ ጌታ ናቸው፤ የሚያርሱትም ከጎረቤታቸው ጋር በመቀናጆ ነው። ስለዚህ የሚሞተው አንድ በሬ ቢሆንም ሥራ የሚፈታው የሁለት ቤት ጥማድ ነው።

“በል እንጂ አንተ ልጅ፤ ይህን አይደል የተማርኸው?” አሉኝ።

አንባቢዎቼ፣ በዚያች ሰዓት በአእምሮዬ ውስጥ የነበሩት እነዚያ አራት ስሞች ብቻ ናቸው። ሩመን የተባለው ነገር በግራ በኩል ይሁን በቀኝ እንኳ ልነግራቸው አልቻልሁም። አንድ ሽማግሌ ጎረቤት ቀና ብለው አዩኝና ምንም ሳይናገሩ ካራቸውን ሳሉ፤ በበሬው ግራ ጎን፣ ከመጨረሻው ጎድን ኋላ ያለውን ስፍራ በመዳፋቸው መታ መታ አድርገው ወጉት። ከቀዳዳው የወጣው አየር ጥቂት ነበር፤ የበዛው እንደ ሳሙና ያለ አረፋ ነው። በሬው ፀሐይ ሳትጠልቅ ሞተ።

ከዚያ በኋላ ደብተሬን ብገልጥ መልሱ በራሴ እጅ ተጽፎ ተገኘ።

የበሬ ጨጓራ፣ ማለት ሩመን ያልነው፣ እንደ እኛ ሆድ ምግብ በአሲድ የሚፈጭበት ስፍራ አይደለም። እንደ ጠላ ጋን መብላያ ነው። በትልቅ ከብት ዘንድ 100 ሊትርና ከዚያም በላይ ይይዛል። በሬ ጭድን የሚያፈርስ ንጥረ ነገር ከራሱ አካል አያመነጭም፤ ሥራውን የሚሠሩለት በዓይን የማይታዩ ረቂቅ ሕያዋን ናቸው፤ ከጨጓራው ፈሳሽ በአንዲት ሚሊ ሊትር ውስጥ ብቻ በቢሊዮን ይቆጠራሉ። እነርሱ ጭዱን ሲያብላሉት የሚወጣውን አሲድ በሬው በጨጓራው ግድግዳ በኩል መጥጦ ከዚያ አብዛኛውን ጉልበቱን ያገኛል። የቢቸናን ዋልካ የሚገለብጠው ጉልበት ከዚህ ጋን የሚወጣ ነው።

ጠላ ሲፈላ አየር እንደሚያወጣ ሁሉ ጨጓራውም ካርቦን ዳይኦክሳይድና ሚቴን የተባሉ አየሮችን ያወጣል። በሬው በግሳት ያስወጣዋል፤ እያመሰኳ ሲተኛ ሰምታችሁት ይሆናል። እርጥብ ማገጥ የበላ ጊዜ ግን ከቅጠሉ የሚወጣው ፕሮቲን አየሩን በአረፋ ያስረዋል። አረፋው የጉሮሮውን በር ስለሚሸፍን ግሳት ይከለከላል። ጨጓራው ተነፍቶ ሳንባን ይጫናል፤ በሬውም ታፍኖ ይሞታል። ካራ ያልታሰረ አየርን ያወጣል፤ አረፋን ግን አይሰብርም። አረፋን የሚሰብር ዘይት ነው። ከሩብ እስከ ግማሽ ሊትር የሚሆን ዘይት፣ ትን እንዳይለው ተጠንቅቆ ቀስ በቀስ በአፉ መስጠት ያስፈልጋል፤ የእንስሳት ሐኪም በቅርብ ካለ ደግሞ ወዲያው መጥራት ነው።

በአጎቴ ቤት አንድ ሙሉ ጠርሙስ የኑግ ዘይት ነበር።

ሽማግሌው ግን ቦታውን አልሳቱም። በየአገሩ ያሉ የምርምር ጣቢያዎች ስለ ከብት ምግብ ለማጥናት በላም ጎን መስኮት ሲያበጁ የሚከፍቱት በዚያው በግራ በኩል ነው። ነገሩ በሰውም ዘንድ አጋጥሟል፤ በ1822 እ.ኤ.አ. አንድ ካናዳዊ ሆዱን በጥይት ተመትቶ ሲድን ቀዳዳው ሳይደፈን ቀረ። ሐኪሙ ዊልያም ቦሞንት በዚያች ቀዳዳ ሥጋ በክር እያሰረ እየሰደደ የምግብን መፈጨት ለዓመታት ተመለከተና በ1833 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ አሳተመ። ሰውየው እንዴት እንደታገሠው እያሰብሁ እገረማለሁ።

ተማሪዎች ሆይ፣ ስሞቹን አትሸምድዱ ማለቴ አይደለም፤ ያለ እነርሱ ፈተና አይታለፍም። ነገር ግን ለበዓል ቅርጫ ሲታረድ ከወንበር ተነሥታችሁ እጃችሁን ሰብስቡና ግቡበት። እናቶቻችሁ ቅጠል በቅጠል እየገለጡ ሲያጥቡት የሚውሉት ሽንፍላ ኦማሰም መሆኑን በዓይናችሁ እዩ። ከዚያም ስለ እያንዳንዱ ክፍል፣ የገባው ነገር ወዴት ይሄዳል፣ መውጫው ቢዘጋስ ምን ይሆናል እያላችሁ ጠይቁ። እኔ ይህችን ሁለተኛይቱን ጥያቄ አልጠየቅሁም ነበር።

ትምህርታችሁን ጨርሳችሁ በወረዳ ጽሕፈት ቤት የተመደባችሁትም፣ ገበሬው ሲጠይቃችሁ በፈረንጅ ስም ባትመልሱለት መልካም ይመስለኛል። ጨጓራ ቢሉት ይሰማል።

አጎቴ በዓመቱ ሌላ ወይፈን ገዙ፤ ከበረቱ ምሰሶ ላይም አንድ ጠርሙስ የኑግ ዘይት አንጠለጠሉ። ሁለት ክረምት ማንም ሳይነካው ቆየ። በሦስተኛው የጎረቤታቸው ላም ተነፋችና ጠርሙሱን ይዘው ሮጡ። ግሳቷ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ተሰማ ብለው በስልክ ነገሩኝ። ያን ያህል እንኳ አይመስለኝም።