ቍጥር ከመመሳከሩ በፊት ጥያቄው ይመሳከር

አገርን በሚገባ ለማስተዳደር የሕዝቡን ብዛትና አኗኗር ማወቅ አስፈላጊ መሆኑ የታወቀ ነው። ነገር ግን ቍጥር ሁሉ ለአንድ ጥያቄ የተሰጠ መልስ ስለ ሆነ፥ ጥያቄውን ሳይመረምሩ ቍጥርን ከቍጥር ማስተያየት ፍርድን ያጣምማል።

በኢትዮጵያ የሕዝብና የቤት ቈጠራ በ1976፣ በ1987 እና በ1999 ዓ.ም. ተደርጓል። የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናትም በ1992፣ በ1997፣ በ2003 እና በ2008 ዓ.ም. ተካሂዷል። የጎንደር ዩኒቨርሲቲም ከ1989 ዓ.ም. ጀምሮ በዳባት ወረዳ ልደትንና ሞትን እየተከታተለ ሲመዘግብ ቈይቷል። እንግዲህ መዝገቡ ጥቂት አይደለም፤ የሚያስፈልገው አመሳክሮ ማንበብ ነው።

ማንበብና መጻፍ የሚለውን አንዱን ነገር ብቻ ቢመለከቱ ጉዳዩ ይገለጣል። በቈጠራው ጊዜ «ያነባል» ተብሎ የተመለሰለት ሰው እንደሚያነብ ይጻፋል፤ ብዙ ጊዜም አንዱ የቤቱ አዋቂ ስለ ሌሎቹ ይመልሳል። በጤናው ጥናት ግን ከፍ ያለ ትምህርት የሌለው ሰው ዐረፍተ ነገር የተጻፈበት ካርድ ቀርቦለት እንዲያነብ ይደረጋል፤ የሚጠየቁትም ከ15 እስከ 49 ዓመት ያሉ ሴቶችና ከ15 እስከ 59 ዓመት ያሉ ወንዶች ናቸው። ስለዚህ ሁለቱ ቍጥሮች ቢለያዩ ትምህርት አደገ ወይም ወደቀ ለማለት አይቻልም፤ ተጠያቂውም ፈተናውም ተለያይቷልና። «ትምህርት ቤት ገብተሃልን?» የሚለውም ሌላ ጥያቄ ነው። ዳዊት ደግሞ፥ ዜማና ቅኔ ተምሮ በደባርቅ ወይም በዳባት ደብር የሚያገለግል ካህን በዚህ ጥያቄ ካልተማሩት ወገን ሊጻፍ ይችላል።

የቦታም ስም እንደዚሁ ያሳስታል። በ1999 ዓ.ም. ቈጠራ ሰሜን ጎንደር ተብሎ የተጻፈው ሰፊ ዞን ከዚያ ወዲህ ሰሜን፣ ማዕከላዊና ምዕራብ ጎንደር ተብሎ ተከፍሏል። የዚያን ጊዜውን ቍጥር ከዛሬው ሰሜን ጎንደር ጋራ የሚያስተያይ ሹም ሕዝቡ የጠፋ ይመስለዋል።

ይህ የማመሳከር ሥራ ለጎንደር ሊቃውንት እንግዳ አይደለም። የላይ ቤትና የታች ቤት መምህራን ንባብን ሲተረጕሙ፥ ሌላው መጽሐፍ የሚለውን ልዩ ቃል አብነት ብለው ያመለክታሉ። በባሕር ማዶም በአሜሪካ የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የብዙ አገሮችን ቈጠራ ሰብስቦ፥ ከኢትዮጵያም ሦስት ቈጠራዎች የተወሰደውን ናሙና ጨምሮ፥ አንዱ ነገር በየዘመኑ በምን ቃል እንደ ተጠየቀ በኮምፒዩተር ተፈልጎ ጎን ለጎን እንዲታይ አድርጓል።

ስለዚህ በየወረዳው ዕቅድ የሚያወጡ ሹማምንት ቍጥር በጠቀሱ ጊዜ፥ ማን እንደ ተጠየቀ፥ በምን ቃል፥ በየትኛው ዘመንና በየትኛው ወሰን እንደ ሆነ አብረው ሊጽፉ ይገባል። የየመሥሪያ ቤቱም የመጠይቅ ወረቀት በአንድ መዝገብ ተሰብስቦ ለፈላጊው ይከፈት። ካህናትም ጠያቂ ወደ ደጃቸው በመጣ ጊዜ የተማሩትን የአብነት ትምህርት ሳያስቀሩ ይንገሩ። ባልተመሳከረ ቍጥር ምክንያት ትምህርት ቤት ለሚያስፈልገው መንደር ሳይሠራ ቢቀር፥ ጉዳቱ የሚያርፈው በመንደሩ ሕፃናት ላይ ነውና።