«በሕይወት ደረሰ» ማለት ብቻውን አይበቃም

ሰው በድንገት ሲወድቅ ሁላችንም ቀድመን የምንጠይቀው «ሆስፒታል በሕይወት ደረሰ ወይ?» ብለን ነው። ደረሰ ሲባል «ተመስገን» ብለን እፎይ እንላለን። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ሌላም መከተል አለበት። ይህ ሰው ከ6 ወር በኋላ ልጆቹን በስማቸው ይጠራል? በራሱ እጅ ይጎርሳል? ወደ ሥራው ይመለሳል? እኔ እንደማምነው የድንገተኛ ሕክምና ስኬት መለካት ያለበት በእነዚህ ጥያቄዎች ነው። መልሳቸው ደግሞ በአብዛኛው የሚወሰነው ሆስፒታል ከመደረሱ በፊት ባሉት ጥቂት ደቂቃዎች ነው።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። አንጎላችን ለክፉ ቀን የሚሆን ኦክስጅን አያስቀምጥም። ትንፋሽና የልብ ምት ከቆሙ ከ4 እስከ 6 ደቂቃ ባለው ጊዜ የአንጎል ሕዋሳት መጎዳት ይጀምራሉ። ልብ ዘግይቶ መምታት ቢጀምር እንኳ የሞተ የአንጎል ሕዋስ አይመለስም። በዚህ የተነሳ ሕይወታቸው ተርፎ የመርሳት ችግር፣ ቶሎ መድከም፣ ብስጭትና ድብርት አብሯቸው የሚኖር ሰዎች አሉ፤ ሲብስም ከአልጋ የማይነሱ አሉ። ሸክሙ የታማሚው ብቻ አይደለም። ሥራዋን ትታ የምታስታምም ሚስት፣ ትምህርቱን የሚያቋርጥ ልጅም የጉዳቱ ተካፋዮች ናቸው።

«ታዲያ መፍትሔው ዘመናዊ መሣሪያ የያዘ አምቡላንስ ነው» ሊሉ ይችላሉ። አምቡላንስ ያስፈልገናል፤ መሣሪያው ብቻውን ግን መልስ አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2018 ውጤቱ ይፋ የሆነ በእንግሊዝ የተካሄደ ጥናት ከሆስፒታል ውጭ ልባቸው በድንገት የቆመ ከ9 ሺህ በላይ ሰዎችን አካቷል። የአምቡላንስ ባለሙያዎቹ በሁለት ተከፍለው፣ አንደኛው ቡድን በቅድሚያ እስከ አየር ቧንቧ የሚዘልቅ ቱቦ፣ ሌላኛው ደግሞ ጉሮሮ ላይ ብቻ የሚቀመጥ ቀለል ያለ መሣሪያ እንዲጠቀም ተደረገ። በደህና ሁኔታ የተረፉት በመጀመሪያው 6.8፣ በሁለተኛው 6.4 በመቶ ነበሩ። የተረፉት ከ3 እና ከ6 ወር በኋላ ሲታዩም በሁለቱ መካከል ጉልህ ልዩነት አልተገኘም። እኔ ከዚህ የምወስደው ትምህርት፣ ከመሣሪያው ዓይነት ይልቅ ባለሙያው እስኪደርስ ያለፈው ጊዜ ይበልጥ ሊያሳስበን እንደሚገባ ነው።

በእኛ አገር ብዙ ሕመምተኛ ድንገተኛ ክፍል የሚደርሰው በታክሲ፣ በባጃጅ ወይም በሰው ሸክም ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ረዳት እርስዎ ነዎት። የወደቀ ሰው ሲያዩ ምን እናደርጋለን? እንከበዋለን፣ ውሃ እናፈስበታለን፣ ክብሪት ጭረን እናሸትተዋለን፣ አፉ ውስጥ ማንኪያ እንከታለን። ከዚያም አንገቱ ወደ ደረቱ እንደታጠፈ መኪና ውስጥ እናስገባዋለን። ራሱን ለሳተ ሰው የታጠፈ አንገት የተዘጋ የአየር መንገድ ማለት ነው።

በምትኩ የሚከተሉትን ያድርጉ።

ራሱን የሳተው ሰው የሚተነፍስ ከሆነ በጎኑ ያስተኙት፤ ጭንቅላቱን ቀና፣ አፉን ወደ መሬት ዘንበል ያድርጉ። ካንኮራፋ «እንቅልፍ ወስዶታል» ብለው አይተዉት፤ ምላሱ ወደ ኋላ ወድቆ መንገዱን እየዘጋ ሊሆን ይችላል። የመኪና አደጋ የደረሰበት ከሆነ አንገቱን አያጣምሙ፤ ማንቀሳቀስ ግድ ከሆነ ጭንቅላቱንና ገላውን አንድ ላይ ያዙሩ። በአፉ ምንም አይስጡት።

የማይተነፍስ ከሆነ፣ ወይም አልፎ አልፎ ብቻ የሚያጣጥር ከሆነ፣ አንድ ሰው አምቡላንስ እንዲጠራ ያድርጉ፤ በ907፣ አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ በ939 መደወል ይቻላል። እርስዎ የደረቱን መሐል በሁለት እጅዎ በኃይል፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ መጫን ይጀምሩ።

ምግብ አንቆት መናገርም መሳልም ያቃተው አዋቂ ከሆነ፣ ወደ ፊት አጎንብሰው በመዳፍዎ በትከሻዎቹ መሐል 5 ጊዜ ይምቱት። ካልወጣ ከኋላው ሆነው ከእምብርቱ በላይ 5 ጊዜ ወደ ውስጥና ወደ ላይ ሳብ ያድርጉ። ዓመት ላልሞላው ሕፃን ግን ሆዱን አይጫኑ፤ በክንድዎ ላይ በደረቱ አስተኝተው ጀርባውን 5 ጊዜ ይምቱ፤ ካልወጣ ገልብጠው የደረቱን መሐል 5 ጊዜ ይጫኑ።

የቤተሰብ ሥራ ከሆስፒታል በመውጣት አያበቃም። በቱቦ ሲተነፍስ የቆየ ሰው ከሳምንታት በኋላ ሲተነፍስ የሚያፏጭ ድምፅ ካሰማ «አስም ነው» ብላችሁ አትተዉት፤ የአየር ቧንቧው ጠቦ ሊሆን ይችላልና ወደ ሐኪም ውሰዱት። ሲውጥ ትን የሚለው፣ ድምፁ ጎርንኖ የቀረ፣ ጸባዩ የተለወጠ ሰውም መታየት አለበት። ጸባዩ የተለወጠው ከስንፍና ወይም ከክፋት ሳይሆን ከጉዳቱ ሊሆን ይችላል። ፊዚዮቴራፒም ቶሎ ሲጀመር ይረዳል።

ለጤና ተቋሞቻችንም የምለው አለኝ። ስንት ሰው በሕይወት እንደደረሰ መቁጠር ጥሩ ነው። ነገር ግን የተረፉት ከ6 ወር በኋላ እንዴት እንዳሉ በስልክ መጠየቅና መመዝገብ ብዙ ወጪ አይጠይቅም፤ የቱ ሥራችን እንደጠቀመ የሚነግረን ይህ ነው። ትምህርት ቤቶች፣ ዕድሮችና የታክሲ ማኅበራትም ለአባሎቻቸው የመጀመሪያ ዕርዳታ ሥልጠና ይጠይቁ። ዕድር ቀባሪ ብቻ ሳይሆን ከሞት የሚመልስም መሆን ይችላል።