የፈይሳን እጅ ሁሉም ያውቃል፣ እግሩንስ?

ወዳጆቼ፣ የድሮ ተማሪዎቼ፣ ዛሬ ትንሽ ረዘም ያለ ነገር ነው የምጽፈው። ታገሱኝ።

ፈይሳ ሌሊሳ ሲባል ሁላችንም ፊት የሚመጣው አንድ ፎቶ ነው። ነሐሴ 15 ቀን 2008 ዓ.ም. ሪዮ ላይ፣ ማራቶኑን ሊጨርስ ሲል ሁለት እጁን ከራሱ በላይ አጣምሮ። ፎቶው በየስልካችን አለ። ፕሮፋይል ያደረገውም ብዙ ነው። ግን ከዚያ ፎቶ በፊት ይሄ ሰው ማን ነበር?

ክፍል ውስጥ ደጋግሜ ጠይቄያለሁ። መልሱ ከእጁ አያልፍም። «ወርቅ አምጥቷል» የሚልም አይጠፋም። ብር ነው ልጆች። ወርቁን የወሰደው ኬንያዊው ኤሊዩድ ኪፕቾጌ ነው።

እስቲ ወደ እግሩ እንምጣ። ፈይሳ የተወለደው እዚሁ ምዕራብ ሸዋ፣ ጀልዱ ወረዳ ውስጥ በ1982 ዓ.ም. ነው። ጀልዱን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ብርዱ አጥንት የሚገባ፣ የገብስና የድንች አገር፣ ዳገቱ የማያልቅ። ጥቅምት 2002 ላይ ይሄ የጀልዱ ልጅ ገና በ19 ዓመቱ የደብሊንን ማራቶን አሸነፈ። በነሐሴ 2003 ደቡብ ኮሪያ፣ ዴጉ ላይ በዓለም ሻምፒዮና ማራቶን ነሐስ አገኘ። 21 ዓመቱ ነበር። በመስከረም 2005 ቺካጎ ላይ 2 ሰዓት ከ04 ደቂቃ ከ52 ሰከንድ ሮጦ ከጸጋዬ ከበደ ቀጥሎ ሁለተኛ ወጣ። በየካቲት 2008፣ ከሪዮ ስድስት ወር በፊት ማለት ነው፣ የቶኪዮን ማራቶን በ2 ሰዓት ከ06 ደቂቃ ከ56 ሰከንድ አሸነፈ።

ልብ በሉ፣ ሪዮ የደረሰው በአጋጣሚ አይደለም።

አሁን «መምህር፣ ሰው እየሞተ በነበረበት ጊዜ ስለ ደቂቃና ሰከንድ ምን ታወራለህ?» የሚለኝ ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሁለቱን ግን የማነሳው ላወዳድር አይደለም። ከኅዳር 2008 ጀምሮ ጊንጪ ላይ፣ አምቦ ላይ፣ ጉደር ላይ ስንት ልጅ ነው እጁን እንደዚያው ያጣመረው? የአብዛኛውን ስም ዓለም አያውቀውም። ፈይሳን ግን ዓለም በሙሉ አየው። ለምን መሰላችሁ? ሁለተኛ ስለወጣ ነው። ካሜራ የሚከተለው ፊት ያለውን ነው። አርባኛ ሆኖ ቢገባና እጁን ቢያጣምር ማን ያየው ነበር?

ደግሞ ውድድሩ ቀላል አልነበረም። ፈይሳ 2 ሰዓት ከ09 ደቂቃ ከ54 ሰከንድ ላይ ሲገባ ሦስተኛው አሜሪካዊ ጌለን ራፕ በ11 ሰከንድ ብቻ ነበር የተቀደመው። 42 ኪሎ ሜትር ሮጠህ 11 ሰከንድ! ስለዚህ ያንን እጅ ከፍ አድርጎ ለዓለም ያሳየው እግሩ ነው። እግሩ ደግሞ በአንድ ቀን አልተሠራም።

የከፈለውም ዋጋ ቀላል አይደለም። የኦሊምፒክ ሕግ በውድድር ቦታ የፖለቲካ ተቃውሞ ማሳየትን ይከለክላል። በ1968 እ.ኤ.አ. ሜክሲኮ ላይ እጃቸውን ጨብጠው ያነሱት ጥቁር አሜሪካውያን ሯጮች ቶሚ ስሚዝና ጆን ካርሎስ ከቡድናቸው ተባርረዋል። ፈይሳ ሜዳሊያው አልተነጠቀም፤ አገሩ ግን አልተመለሰም። በ26 ዓመቱ፣ ለማራቶን ሯጭ ምርጡ ዕድሜ ሊመጣ ሲል፣ አሜሪካ ቀረ። ሚስቱና ልጆቹ እስኪደርሱለት ድረስ ወራት አለፉ። መጋቢት 2009 ላይ የኒውዮርክን ግማሽ ማራቶን ሲያሸንፍም እጁን እንደገና አጣመረ። አገሩ የገባው ጥቅምት 2011 ነው፣ ከሁለት ዓመት በላይ ቆይቶ።

ይሄን ሁሉ የምለው ለምንድነው? ጀግናን በአንድ ፎቶ ብቻ ስናስታውስ ልጆቻችን የሚማሩት ፎቶውን ነው። ጀግንነት የአንድ ደቂቃ ነገር ይመስላቸዋል። ወጣ ማለት፣ መታየት፣ በቃ። ከጀርባው ያለው የዓመታት ልምምድ፣ ብርዱ፣ ዳገቱ፣ የተሸነፈባቸው ውድድሮች አይታዩም። ሳይዘሩ ማጨድ እንደሌለ ከገበሬ ልጅ በላይ ማን ያውቃል? ግን ካልነገርናቸው ስልኩ ያስረሳቸዋል።

ሌላ ስም ልጨምር። የአምቦው ልጅ ፊጣ ባይሳ። በነሐሴ 1983 ቶኪዮ ላይ በዓለም ሻምፒዮና በ5,000 ሜትር ብር፣ በዓመቱ ደግሞ ባርሴሎና ኦሊምፒክ ላይ በዚያው ርቀት ነሐስ አምጥቷል። ዛሬ አምቦ ከተማ መሀል ቆማችሁ አሥር ተማሪ ጠይቁ። ስንቱ ያውቀዋል? ፊጣ እንደዚያ ያለ ፎቶ ስለሌለው ብቻ ከገዛ ከተማው ልጆች አፍ ጠፍቷል። የፈይሳም ሩጫ እንደዚያው እየሆነ ነው፣ ፎቶው ብቻ ነው የቀረው።

ውርስ ሐውልት ብቻ አይደለም። ፈተና በደረሰ ቁጥር መጀመሪያ የሚታጠፈው የስፖርት ክፍለ ጊዜ መሆኑን መምህራን የምናውቀው ነው። ሒሳብ ይተካበታል፣ ፊዚክስ ይተካበታል። ከዚያ «ለምን እንደ ድሮው ሯጭ አይወጣም?» እንላለን።

ስለዚህ በየከተማው ላላችሁ የሥራ ባልደረቦቼ፣ ከጊንጪ እስከ ባኮ፣ አንድ ልመና አለኝ። ወጪ የለውም። የዞናችንን ሯጮች ስም፣ የተወለዱበትን ወረዳ፣ የሮጡበትን ሰዓትና ዓመት በአንድ ትልቅ ወረቀት ጽፋችሁ ልጆቹ በሚያልፉበት ግድግዳ ላይ ለጥፉ። የስፖርትን ክፍለ ጊዜም አትንኩባቸው።

ጀልዱ ያላችሁ፣ ፈይሳ ገና ልጅ ሆኖ ሲሮጥ ያያችሁ ካላችሁ ደግሞ ኮሜንት ላይ ጻፉልን። የእጁን ታሪክ ዓለም ጽፎታል። የእግሩን ካልጻፍነው ማንም አይጽፍልንም።