ቦትል ብራሽዎን መቼ ያስከረክማሉ?

ባለፈው ዓመት እንግዳ ይመጣል ብዬ የግቢያችንን ቦትል ብራሽ ዙሪያውን አስከረከምኩት። ግቢው አማረ፤ አበባው ግን ቀረ። እናቴ በረንዳ ላይ ቡናዋን ይዛ የምትጠብቀው እኮ ያንን የጠርሙስ ማጠቢያ ብሩሽ የሚመስል ቀይ አበባ ነበር! ለካ እምቡጡ የሚይዘው በቅርንጫፉ ጫፍ ላይ ነው፤ እኔ ሳያብብ አስቆረጥኩት።

እርስዎ ግን አበባው እንደጠወለገ፣ ከሥሩ ዝቅ አድርገው ወዲያው ይቁረጡት። ከተቆረጠበት በታች አዲስ ቀንበጥ ያወጣል፤ ቀጣዩ አበባም የሚመጣው በእሱ ጫፍ ላይ ነው።

አገሩ አውስትራሊያ፣ ዘመዱም ባሕር ዛፍ ስለሆነ ፀሐይ ይወዳል። ጥላ ውስጥ ከተተከለ አበባው ይሳሳል። ችግኙን አዘውትረው ያጠጡት፤ ሥር ከሰደደ በኋላ ድርቅን ይችላል።

እኛም ዘንድሮ መቀሱን ደብቀናል። እናቴ እየጠበቀች ነው።