አባት አንደበቱ ሳይያዝ



ባለፈው ሳምንት እዚሁ አዳማ አንድ ለቅሶ ቤት ነበርኩ። ሠልስቱ ገና ነው፣ ድንኳኑም አልተነሣም። ጓሮ ቡና ሲፈላ ልጆቹ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «የቤቱ ካርታ ማን ጋ ነው?» እየተባባሉ ሲፋጠጡ ሰማኋቸው። ሟቹ ስምንት ወር በስትሮክ አልጋ ላይ የከረሙ አባት ናቸው። ስምንት ወር ሙሉ ማንም ያላነሣው ጥያቄ በሦስተኛው ቀን ተነሣ። አጠገቤ የተቀመጡ አንድ አዛውንት ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ሲስተር፣ ይሄ ነገር የምኒልክንም ቤት በጥብጧል» አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ቤቴ ገብቼም ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣ ስላለኝ፣ ያንን የቆየ ታሪክ ዛሬ በነርስ ዓይን ላጫውታችሁ።

ዳግማዊ ምኒልክ ክፉኛ የታመሙት በስልሳዎቹ ዕድሜ ውስጥ ሳሉ ነው። እኔ አሁን ያለሁበት ዕድሜ ማለት ነው። ሕመማቸው ዛሬ ስትሮክ የምንለው ሲሆን፣ በአንድ ቀን አልጣላቸውም፤ እየደጋገመ ነው የመታቸው። ከእቴጌ ጣይቱ ልጅ አልወለዱም። ዙፋን የሚወርስ ወንድ ልጅም በሕይወት አልነበራቸውም። የነበሩት ልጃቸው ዘውዲቱና ከሌላዋ ልጃቸው ከሸዋረጋ የተወለዱት የልጅ ልጃቸው ኢያሱ ናቸው። የኢያሱ አባት የወሎው ራስ ሚካኤል ነበሩ።

ምኒልክ ዝም ብለው አልሞቱም። ግንቦት 1901 ዓ.ም. ወራሻቸው ልጅ ኢያሱ እንደሆኑ ለመኳንንቱ አሳወቁ፤ በጥቅምት 1902 ደግሞ በአዋጅ ተነገረ። ወራሹ ገና ልጅ ስለነበሩ ራስ ተሰማ ናደው ሞግዚት ተደረጉላቸው። ነገር ግን በዚያው ጥቅምት ከባዱ ምት መጣ። ሰውነታቸው ሽባ ሆነ፣ አንደበታቸውም ተያዘ። ከዚያ በኋላ ከአራት ዓመት በላይ በአልጋ ላይ ኖሩ።

እንግዲህ ንጉሡ በሕይወት አሉ፣ ቃል ግን የላቸውም። ስለዚህ ሁሉም በስማቸው ይናገራል። እቴጌ ጣይቱ እያስታመሙ ሹመትና ሽረቱንም ያዙ። ንጉሡ መርዝ ተሰጥቷቸው ነው የሚል ክስም ተነሥቶ ነበር። መጋቢት 1902 መኳንንቱ ተባብረው እቴጌይቱን ከመንግሥት ሥራ አገለሏቸውና ባልሽን ማስታመም ይበቃሻል አሏቸው። ሕመምተኛ ማገላበጥ፣ ማጠብ፣ ማጉረስ ምን እንደሆነ የማውቅ ሴት ነኝና፣ ይህንን እንደ ትንሽ ሥራ መቁጠራቸው እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ሚያዝያ 1903 ሞግዚቱ ራስ ተሰማ ሞቱ፤ በቦታቸው ሌላ አልተተካም። ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ምኒልክ ሲያርፉ ሞታቸው ለሕዝብ በይፋ አልተነገረም። ጣይቱ ወደ እንጦጦ፣ ዘውዲቱ ወደ ፋሌ እንዲርቁ ተደረገ። ልጅ ኢያሱ ዘውድ ሳይጭኑ ቆዩ፤ አባታቸውን ግን በ1906 ዓ.ም. ንጉሥ አሰኟቸው። የሸዋ መኳንንት ቅሬታ እያደገ ሄደ።

መስከረም 17 ቀን 1909፣ በመስቀል ዕለት፣ ልጅ ኢያሱ ሐረር በኩል እያሉ አዲስ አበባ ላይ ተሻሩ። አቡነ ማቴዎስ ሰዉን ለምኒልክ ከገባው መሐላ ፈቱት። ዘውዲቱ ንግሥት፣ ተፈሪ መኮንን ደግሞ አልጋ ወራሽ ሆኑ። ከኢያሱ ወገን ወደ አዲስ አበባ የተላከው ጦር እዚሁ ከእኛ በታች፣ ሚኤሶ ላይ ተመለሰ። ንጉሥ ሚካኤል ግን የወሎን ጦር ይዘው ለልጃቸው መጡ። መጀመሪያ ቶራ መስክ ላይ የራስ ልዑል ሰገድን ጦር ደመሰሱ፤ ጥቅምት 17 ቀን ሰገሌ ላይ እሳቸው ድል ሆነው ተማረኩ። ከመስቀል እስከዚያ ልክ አንድ ወር ነው። በዚያ ሜዳ ስንት ሺህ የገበሬ ልጅ እንደወደቀ አስቡት። ዘውዲቱ ለኢያሱ አክስት ነበሩ፤ የተዋጋው ያው የአንድ አያት ቤት ነው። ልጅ ኢያሱ ዓመታት በአፋርና በወሎ ሲንከራተቱ ቆይተው በ1913 ተያዙ፤ ከዚያም በግዞት እንዳሉ በ1928 ዓ.ም. ሞቱ።

ይህ የእኛ ብቻ ዕጣ አይደለም። በጥንቷ ቻይና ዩዋን ሻኦ የሚባል ኃይለኛ የጦር አለቃ ነበር። በአውሮፓ አቆጣጠር በ202 ዓ.ም. ሲሞት ታላቁን ልጁን ትቶ ለታናሹ ያደላ እንደነበር ቢታወቅም፣ ነገሩን ቁርጥ አድርጎ አልጨረሰውም። ወንድማማቾቹ እርስ በርስ ተዋጉ፤ ጠላታቸው ጻኦ ጻኦ በየተራ መትቶ ያባታቸውን አገር ጠቀለለው።

አሁን ወደ ራሴ ቤት ልምጣ። አባቴ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። እዚሁ ናዝሬት አንድ ቤትና ሦስት የሚከራዩ ሰርቪስ ክፍሎች ሠርቶ ነበር። ልጆቹ ታላቅ ወንድሜ፣ እኔ፣ እንዲሁም ከእናቴ በፊት ከነበረችው ሚስቱ የተወለደችው መቂ ያደገችው እኅታችን ነን። አባባ ስለ ቤቱ ሲነሣበት «ቁጭ ብለን እንነጋገራለን» ይል ነበር። ሳንነጋገር ስትሮክ መታው፣ አንደበቱ ተያዘ፤ አሥራ አራት ወር ተኛ።

ወንድሜ እጁን ይዞ «አባባ፣ ቤቱን ለእኔ ነው ያልከው አይደል?» ሲለው አባቴ ያለቅሳል። ወንድሜ እንባውን «አዎ» ነው ብሎ ተረጎመው። እኅቴ በመጣች ቀን ደግሞ እጇን አጥብቆ ይዞ አልለቅ አላት። እሷም የራሷን ተረጎመች።

እኔ ነርስ ነበርኩ። አንደበቱ የተያዘ ሰው ሁልጊዜ ልቡናው አይጠፋም። ብዙ ጊዜ ይሰማል፣ ይገባዋል፤ መመለስ ነው የሚያቅተው። በዎርድ ውስጥ በየቀኑ «አዎ ከሆነ እጄን አንድ ጊዜ ጫን አድርገው፣ አይደለም ከሆነ ሁለት ጊዜ» እያልኩ ታማሚዎችን አነጋግር ነበር። አባቴን ግን ስለ ቤቱ አንድም ቀን እንዲህ ብዬ አልጠየቅሁትም። «ሞቱን ተመኘች» እንዳልባል ፈራሁ። ሰባት ዓመት ፍርድ ቤት ተመላለስን። ቤቱ ተሸጠ፤ የተካፈልነው ገንዘብ የት እንደገባ እንኳ ዛሬ አላስታውስም። ወንድሜና እኅቴ እስከ አሁን በአንድ ማዕድ አይቀርቡም።

ባለፈው ወር መቂ ሄጄ እኅቴን ጠየቅኋት። እርጅና መጥቶባታል። ቡና እየቀዳች «አባባ አንድ ቀን እናንተ ፊት ስሜን ጠርቶ ‹እሷም ልጄ ናት፣ እኩል ናት› ቢል ኖሮ ቤቱን ትቼላችሁ እሄድ ነበር» አለችኝ። ለካስ ሰባት ዓመት የተካሰስነው በግድግዳና በቆርቆሮ አልነበረም።

የምኒልክን ታሪክ ያነሣሁት ለዚህ ነው። እሳቸው ወራሽ ሰይመው ነበር። ነገር ግን የቀሩት በልባቸው አልተቀበሉትም፣ ሞግዚቱም ሲሞት የተተካ የለም፣ ሕመምና ሞቱም ተደበቀ። ስለዚህ መናዘዝ ብቻ አይበቃም። ሁሉም ባሉበት፣ አንደበት ሳይያዝ፣ ምክንያቱን ጭምር መናገር ያስፈልጋል።

ወረቀቱንም አትርሱ። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት፣ በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት መነበብና መፈረም አለበት። ውል አዋዋይ ወይም ዳኛ በሥራው ላይ ሆኖ ከምስክሮቹ አንዱ ከሆነ ሁለት ምስክር ይበቃል። በገዛ እጃችሁ ከጻፋችሁት ደግሞ ሙሉ በሙሉ በእጃችሁ ይሁን፤ ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ ይናገር፤ በየገጹ ቀንና ፊርማ ይኑረው። በሰባት ዓመት ውስጥ ውል አዋዋይ ዘንድ ወይም ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተቀመጠ ዋጋ ያጣል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ደም ግፊታችሁን ተለኩ፤ መድኃኒታችሁን «ተሻለኝ» ብላችሁ አታቋርጡ። በቤት ያለ ሰው ፊቱ ወደ አንድ ጎን ከተጣመመ፣ አንድ እጁ ከዛለ፣ ንግግሩ ከተኮላተፈ፣ «ይለፍለት» ብላችሁ እስኪነጋ አትጠብቁ፤ በዚያው ሰዓት ሐኪም ቤት ውሰዱት።

እኔም የደም ግፊት ታማሚ ነኝ። ለሚመጣው እሑድ ሦስቱንም ልጆቼን ለምሳ ጠርቻለሁ። የቤቴን ነገር ከምሳ በኋላ እነግራቸዋለሁ። ከምሳ በፊት ግን የእያንዳንዳቸውን ስም እየጠራሁ፣ ሌሎቹ እየሰሙ፣ ለእኔ ምን እንደሆኑ እነግራቸዋለሁ። ወንድሜንም ጠርቼዋለሁ። መቂ ያለችውን እኅቴንም እንዲሁ። ይምጡ አይምጡ እግዜር ያውቃል፤ ሁለት ወንበር ግን ጨምሬ አስቀምጣለሁ።

ሳምንት እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ።