ስለ ሕመምተኛና ስለ እንስሳው

ልጆች ሆይ፤ ሰው ጤነኛ ሳለ ይሰጣል፤ ይቀበላልም። ታሞ አልጋ ላይ በወደቀ ጊዜ ግን መስጠቱ ይቀርና መቀበል ብቻ ይሆንበታል። አንዱ ያጐርሰዋል፤ አንዱ ያገላብጠዋል፤ አንዱ ያለብሰዋል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ከሕመሙ ይልቅ፥ «ለማንም አልረባም» የሚለው አሳብ ያስጨንቀዋል። ይህን አሳብ ከሚያቀሉለት ነገሮች አንዱ በእጁ ያሳደገው እንስሳ ነው ብዬ አምናለሁ።

እኔ ልጅ ሳለሁ በአቀስታ አንድ አረጋዊ ጎረቤት ነበሩን። አገሩ ደጋ ነውና ሌሊቱ ውርጭ ነው፤ እርሳቸውም ባናቸውን ተከናንበው በምድጃው ዳር ይተኙ ነበር። በጎቻቸውን ከጅብ ሲጠብቅላቸው የኖረ አንድ ያረጀ ውሻ ነበራቸው። በታመሙ ጊዜ ውሻው ከደጃፉ አልለይም አለ። ጠያቂዎች ግን፥ «የታመመ ሰው ባለበት ቤት ውሻ ምን ያደርጋል?» እያሉ በድንጋይ ያባርሩት ነበር። አረጋዊው የውሻውን ጩኸት በሰሙ ቍጥር ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞሩ ነበር፤ ስለ ምን እንደ ሆነ ግን ማንም አልጠየቃቸውም።

አንድ ቀን እናቴ አጥሚትና የገብስ ቂጣ አስይዛ ላከችኝ። እርሳቸውም አጥሚቱን ከጠጡ በኋላ ከቂጣው ጥቂት ቈርሰው በእጄ አኖሩና፥ «ልጄ፥ ይህን ለውሻዬ ስጥልኝ። ከእኔ በኋላስ ማን ያበላው ይሆን?» አሉኝ። እኔም፥ «አባባ፥ እኔ አበላዋለሁ» አልኋቸው። በዚያች ሌሊት ደኅና እንቅልፍ ተኙ።

ከዚያም ወዲህ ውሻው በደጃፉ ውስጥ፥ እርሳቸው በሚያዩት ስፍራ፥ እንዲተኛ ተፈቀደለት። በየማታው ከእራታቸው ቈርሰው በእኔ እጅ ይሰጡት ነበር። ከሕመማቸው አልዳኑም፤ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ዐረፉ። ነገር ግን እስከ መጨረሻው ድረስ የሚያበሉት ነበራቸው።

ይህ ነገር የአቀስታ ብቻ አይደለም። ታላቂቱ አስታማሚ ፍሎረንስ ናይቲንጌል፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1860 ዓ.ም. በወጣው ስለ አስታማሚነት በጻፈችው መጽሐፍ፥ ትንሽ የቤት እንስሳ ለሕመምተኛ፥ ይልቁንም ሕመሙ ለረዘመበት፥ መልካም ባልንጀራ መሆኑን አመልክታለች። በአሜሪካ አገር በፕሮቪደንስ ከተማም ሐኪሙ ዴቪድ ዶሳ በዚያው በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ2007 ዓ.ም. የጻፈለት ኦስካር የሚባል ድመት ነበረ። ይህ ድመት በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ቤት ውስጥ፥ ለመሞት ከተቃረቡት ሰዎች አጠገብ ተጠቅልሎ ይተኛ ነበር፤ ቤተ ሰቦቻቸውም በዚህ ይጽናኑ ነበር።

በዚያ አገር እንስሳን ወደ ሆስፒታል ለማስገባት ፈቃድና ሥርዐት ያስፈልጋል። በእኛ አገር ግን ብዙ ሰው የሚታመመውም የሚሞተውም በገዛ ቤቱ ነው። በአዲስ አበባ ያለው ሆስፒስ ኢትዮጵያ የሚባለው ድርጅትም የማይድን ሕመም የያዛቸውን ሰዎች በየቤታቸው እየሄደ ይጐበኛል። እንግዲህ ድመቲቱ በምድጃው ዳር፥ ውሻው በደጅ፥ በቅሎዪቱም በበረት አሉ። ከሩቅ ማምጣት አያስፈልገንም፤ ማባረራችንን መተው ይበቃል።

«እንስሳ ምን ያውቃል? ለሚሞት ሰው ዘመድና የነፍስ አባት ይበቁታል» የሚሉ አሉ። እኔም እንስሳ በሰው ስፍራ ይቁም አልልም። ነገር ግን ሰው ሊጠይቅ ሲመጣ ይናገራል፥ ያለቅሳል፥ ይንሾካሾካልም፤ እንስሳ ግን ዝም ብሎ ይቀመጣል። ለሕመምተኛም ከቃል ይልቅ ዝምታ የሚሻለው ሰዓት አለው።

ይሁን እንጂ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ውሻው የእብደት በሽታ መከላከያ ክትባት የተከተበ ይሁን፤ የሕመምተኛውን ቍስል አይላስ። እንስሳውን የነካ ሁሉ እጁን በሳሙና ይታጠብ። ውሻ የነከሰው ሰው ቢኖር ቍስሉን ወዲያው በሳሙናና በብዙ ውሃ አጥቦ፥ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ሕመምተኛው እንስሳ የሚፈራ ወይም የማይወድ ቢሆን ደግሞ አይቅረብ፤ ፈቃዱ የእርሱ ነውና።

ልጆች ሆይ፤ አያታችሁ ቢታመሙ ሐኪም ልትሆኑላቸው አትችሉም። ነገር ግን ከአጠገባቸው ተቀምጣችሁ፥ «አባባ፥ በሬዎ ደኅና ነው፤ ውሃ አጠጥቼዋለሁ» ልትሏቸው ትችላላችሁ። ይህ ትንሽ ቃል ነው፤ ለሚሄድ ሰው ግን ትልቅ ስንቅ ነው።

ቃላችሁንም ከቀብር በኋላ አትርሱ። እኔ ያን ውሻ እስኪሞት ድረስ አበላሁት፤ አንዳንድ ማታ ግን ረስቼው፥ እኔ በልቼ ተኝቻለሁ። ዛሬም ትዝ ሲለኝ አፍራለሁ። የሟች አደራ ከባድ ነው፤ እንስሳውም ተርቤአለሁ ብሎ ሊከስሳችሁ አይችልምና፥ ሳይጠይቃችሁ ስጡት።